ድምፅ የሌለው ብርሃን

ነገሩን ከሰማሁት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ አንዳንዱን ሐረግ በልቤ ሳመላልሰው ኖሬ እኔው ያበጀሁት ሊሆን ይችላል። ዝናቡን ግን አስታውሳለሁ፤ ወቅቱ ያልሆነ ዝናብ፣ እኩለ ቀኑን ያመሸ ያስመሰለ ደመና። ያኔ የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይንደቀደቃል። ከክፍሌ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አባትና ልጅ ጩኸቱን ለማሸነፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ።

አባትየው የጤና ጣቢያው የጄኔሬተር መካኒክ ናቸው። ሞተር ሳይፈቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አድምጠው ብቻ በሽታውን ስለሚያውቁ ሰው ሁሉ «ጋሼ ጆሮ» ይላቸዋል። ልጅቷ በሙያ ትምህርት ቤት የፀሐይ ኃይል ሥራ ትማራለች። ለጤና ጣቢያው የፀሐይ መሣሪያ ሊሰጠው ታስቧል፤ ነገር ግን የሕንፃውን ሽቦ የሚያውቅ ሰው አብሮ ተምሮ በኃላፊነት ሊጠብቀው ይገባል። ሽቦውን የሚያውቁት ጋሼ ጆሮ ብቻ ናቸው። እስከ ማታ ካልፈረሙ ዕቃው ለሌላ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

«አባዬ፣ አንዲት ፊርማ እኮ ናት።»

«ፊርማዋን አይደለም የጠላሁት። ሞተር ሲታመም ይናገራል፤ ያስላል፣ ያቃስታል። ያ ጣሪያ ላይ የምትሰቅሉት መስታወት ግን ዝም ብሎ ኖሮ ዝም ብሎ ይሞታል። እኔ ዝምተኛ አላምንም፤ በእናትሽ አይቼዋለሁ።»

«እማዬ ትስማህ!» ብላ ሳቀች።

«ደግሞስ ፀሐይ የቀን ናት። ሴት ሰዓት መርጣ አትወልድም።»

«ባትሪው ምን ሊሠራ ነው? ቀን ያጠራቀመውን ሌሊት ይሰጣል። ጄኔሬተሩንም የሚጥለው የለም፤ ጡረታ ወጥቶ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።»

«ጡረታ አብረን እንወጣለና!»

ልጅቷ ወደ ውጭ ተመለከተች።

«እስቲ ይህን ዝናብ እየው። በዚህ ወር ዝናብ ታውቃለህ?»

«የአምላክ ሥራ ነው።»

«ዝናቡ የአምላክ ነው፤ ጭሱ ግን የእኛ ነው፣ አባዬ።»

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ፀሐይንም ዝናብንም የሚሰጠን እሱ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አምናለሁ፤ የተሰጠንን መያዝ ግን የእኛ ፈንታ መሆኑን እንዲህ ባጭሩ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«የኔ አንዲት ሞተር ሰማዩን አጠቆረችው በይኛ! ቀጥለሽ ‘ድር ቢያብር’ ልትዪኝ ነው።»

«አልልህም። አንዷ አታጠቁረውም። ግን ዓለም ሙሉ ‘የኔ አንዷ’ ነው የሚለው። የክፍል ጓደኞቼ ግማሾቹ ‘እኛ ባላጠፋነው ምን አገባን’ ይላሉ፤ ግማሾቹ ‘አንዴ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው’ ብለው እጃቸውን አጣጥፈዋል። እኔ ሁለቱንም መሆን አልፈልግም። የሚያፈስ ቤት የተረከበ ሰው ዝናብ እየወረደበት ‘ማን ቀደደው?’ እያለ አይከራከርም፤ ይደፍነዋል።»

ጋሼ ጆሮ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አዋላጇ ጓንቷን እንዳጠለቀች ከማዋለጃ ክፍሉ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ በእግዜር፣ ሞተሩን አንዴ ያጥፉልኝ!»

«ኧረ! ለካ የምታጠፊው አንቺ ነሽ?»

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሰው ሞተሩን እያጠፋ ስላስቸገራቸው ዘበኛውን ጠርጥረው ማጥፊያው ላይ ጓጉንቸር መቆለፋቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

«የልጁን ልብ መስማት አቃተኝ» አለች። «መሣሪያዬ እንደ መለከት ያለች ተራ ነገር ናት፤ ከጆሮዬ ሳስጠጋት የሚመጣው የእርስዎ ሞተር ብቻ ነው።»

«ካጠፋሁት በምን ታያለሽ?»

«አላይማ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወይ አያለሁ ወይ እሰማለሁ። እርስዎ ከቆለፉ ወዲህ ደግሞ ማየት ብቻ ሆነ።»

ጋሼ ጆሮ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ሞተሩም አንዴ ተንገጫግጮ ዝም አለ።

ያ ዝምታ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። ኮሪደሩ ደብዝዞ ሁላችንም ውሃ ውስጥ ያለን መሰለኝ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ቀስ እያለ ይንሾካሾካል። ትንፋሼን ይዤ ጸለይኩ። ከዚያ አዋላጇ የምትሰማውን የልብ ምት ምጥ ላይ ያለችው እናት እንድታውቀው ብላ የአልጋውን ብረት በጣቷ መምታት ጀመረች። ጥ፣ ጥ፣ ጥ፣ ጥ… ፈጣን፣ እኩል፣ ትንሽዬ።

ጋሼ ጆሮ ከተዘጋው በር አጠገብ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፈጠነ» አሉ። «አልበዛም?»

«እንዲህ ነው የሚሮጠው፤ ደህና ነው!» አለች ከውስጥ። «አሁን መብራቴን ይመልሱልኝ።»

ሞተሩን አስነስተው ሲመለሱ ጓጉንቸሩ እጃቸው ላይ ነበር፤ ኪሳቸው ከተቱት። ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሞተሬን ሳደምጥ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን አልሰማሁም» አሉ። ቀጥለውም «ያንቺ ዕቃ ስትሠራ ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም። ባትሪው ጋ ትንሽ ማራገቢያ ትኖራለች፤ ድምጿ ከዝንብ አይበልጥም።»

«ስትታመምስ በምን አውቃለሁ?»

«መለኪያ አላት። ማንበቡን አስተምርሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁና የፀሐይ መሣሪያውን ጥቅም በዓይኔ አይቻለሁ። የናፍጣ ጭስ ከአራሶቹ መስኮት ራቀ። የክትባቱ ፍሪጅ መብራት ሲጠፋም ቀዝቅዞ ያድራል። አዋላጇ እያየችም እየሰማችም ታዋልዳለች። እጃቸውን ያጣጠፉት ወጣቶች ሊያዩ መጥተው፣ ሽቦ ሊያቀብሉ ቆይተው፣ ኋላ ለሌሎች ጣሪያዎች የሚፈለጉ ባለሙያዎች ሆኑ። አንድ ጣሪያ ሰማይን አያድንም፤ ይህን ልጅቷም አልካደችም። ነገር ግን ተስፋ ሰው ሥራ ከጀመረ በኋላ እየተከተለ እንደሚመጣ የተረዳሁት በእነዚያ ልጆች ፊት ላይ ነው።

ያን ቀን ግን ገና አንዱም አልነበረም። ጋሼ ጆሮ እስክሪብቶ ከእኔ ተዋሱና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ።

«ትምህርቱ ሰኞ ጠዋት ይጀምራል» አለች ልጅቷ። «ከተማሪዎቹ ትልቁ ሃያ ዓመቱ ነው።»

«ከፊት እቀመጣለሁ። የሚስቅ ካለ ዞሬ አላይም።»

«ጣሪያው ላይ ግን የምወጣው እኔ ነኝ። አንተ ከፍታ ትፈራለህ።»

«እፈራለሁ» አሉ። «አንቺ ከታች ሆነሽ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ እየፈራሁ እወጣለሁ።»