ደግፎ ያቆመኝ ድንጋይ

የጥርስ ንጽሕና ተማሪዋ የቀጠረችው ታካሚ ቀርቶባት፣ ከትምህርት ቤቱ ክሊኒክ በር ላይ ግራ ገብቷት ቆማ ሳለ አጎቷን አየቻቸው። አጎቷ ዕድሜያቸውን በትራምፔት የገፉ፣ ዛሬም ድረስ ከሙዚቃ ባንዳቸው ያልወጡ ሰው ናቸው። ትራምፔታቸውን ከማዶ አስጠግነው መመለሳቸው ነበር።

«ጋሼ፣ እግዜር ነው ያመጣልኝ! ዛሬ የጥርስ ድንጋይ አንሥቼ ካላሳየሁ መምህሬ አያሳልፉኝም። እባክዎ አንዴ ይቀመጡልኝ።»

«ድንጋዩን? በጭራሽ! የታች ጥርሶቼን አስተሳስሮ ያቆመልኝ እኮ እሱ ነው። እሱ ከተነሣ ይረግፋሉ፤ ከረገፉ ደግሞ በምን ልነፋ ነው?»

«እባብ ለመደ ተብሎ በኪስ ይያዛል?»

«ካልነደፈኝ ምን ቸገረኝ!»

«ድድዎ ይደማ የለ?»

«ይደማል። ስለዚህ መቦረሹን ተውኩት።»

«የሚያደማዎ ብሩሹ ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ድድዎ ሥር ተደብቆ ያቆስለዋል።»

«ደግፎኝም አቁስሎኝም? ልጄ፣ ግራ አጋባሽኝ። ለማንኛውም የወንድሜ ልጅ ትውደቅ አልልም» ብለው ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

እውነቱን ለመናገር እሷም ከእሳቸው ያላነሰ ግራ ገብቷታል። እስከ ዛሬ በተጫነችው ቁጥር የድንጋዩ ላይ ይለሰልሳል እንጂ አይነሣም። መምህሯ «ከላይ ከላዩ አትላጪው፤ የመፋቂያውን ስለት ከሥሩ አስገቢና ወደ ላይ ሳብ አድርጊው። ጉልበት አይደለም» እያሉ ቢመክሯትም፣ ያለ ጉልበት ድንጋይ እንዴት ይነሣል ብላ ነበር። ዛሬ ግን የሰው አጎት ሳይሆን የራሷ ነውና መጫን ፈራች። ጣቷን ከጎን ካለው ጥርስ ላይ አስደግፋ ስለቱን በቀስታ ከሥሩ አስገባችና ሳብ አደረገችው። አንድ ትልቅ ቅርፊት ቀጭ ብሎ ወጣ።

አጎቷ በምላሳቸው ዳሰሱና ከወንበሩ ተነሡ። «ሰበርሽው! ባዶ ነው! ጥርሴን ወሰድሽው!»

ተማሪዋ ክው አለች። «ማይ» ብትባል እንኳ «አልሰበርኩም» ብላ ለመማል አትደፍርም ነበር። መምህሯ መጥተው አዩና መስታወት አቀበሏት። ጥርሶቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። ቅርፊቱን በብርሃን አገላበጠችው፤ ቡናማና ሸካራ ነው፣ የጥርስ ስባሪ አይደለም። ያን ጊዜ ነፍሷ መለስ አለ።

«ይመልከቱ ጋሼ፣ ባዶ የመሰለዎ ድንጋዩ የነበረበት ነው። ድዱንም እየገፋ ዝቅ አድርጎታል። አልዋሽዎትም፣ ይህ ጥርስ ትንሽ ይነቃነቃል። ግን ጠዋት ማታ ከቦረሹና በየጊዜው ካስጠረጉት መድማቱ ይቆማል፣ የአፍ ጠረንዎ ይስተካከላል፣ ድድዎም ጠበቅ ይላል።»

«እንዲያ ከሆነ ደጋፊዬ ያልኩት ሲቆፍረኝ ኖሯል?»

መልስ ሳይጠብቁ ትራምፔታቸውን ከሣጥኑ አወጡ። መስታወት ሊዋሽ ይችላል፤ እሱ ግን ዋሽቷቸው አያውቅም። ከንፈራቸውን አስጠግተው አንድ ለስላሳ ድምፅ ነፉ። ድምፁ ሳይሰነጠቅ ክሊኒኩን ሞላው፤ በየወንበሩ አፉን የከፈተ ሁሉ ዞሮ አየ።

አጎቷ ትራምፔቱን ለመምህሯ አስያዙና ተመልሰው ተቀመጡ።

«በይ የቀረውንም አንሺው፤ ከነሥሩ።»