መጀመሪያ የኔን ኪስ

በኛ ዘመን፣ ልጆች፣ መኮንን ማለት... ኧረ ተዉኝ፣ ዝም ብዬ ዘመኔን አላሞጋግስም፣ በኛም ዘመን ጮሌው ብዙ ነበር። እኔ ግን አንድ ሕግ ነበረኝ። የዕቃ ፍተሻ ሲደርስ መጀመሪያ የራሴን ጠመንጃ፣ የራሴን ሻንጣ፣ የተቀዳደደ ካልሲዬን ሳይቀር መሬት ላይ እዘረጋና በቅርብ የመጣውን ምልምል ጠርቼ "ፈትሽ!" እለዋለሁ። ወደ ኋላ ይላል። "ፈትሽ አልኩህ እኮ!" ታዲያ አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም እንደኔ መኮንን፣ "አንተ ሰውዬ፣ ማዕረጉን አዋረድከው!" ይለኝ ነበር። "ጠመንጃዬ ከቆሸሸ ማዕረጌ አያጸዳልኝም" እለዋለሁ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ሲባል አልሰማችሁም? እኔ አናት ነበርኩ፣ እና ከአናቱ ጀመርኩ፣ በቃ።

እና ጡረታ ወጣሁ። አጨብጭበው ሸኙኝ፣ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ቀደም ብላ አርፋለች፣ ጡረታዬ ደግሞ የቤት ኪራዩን ይከፍላል እንጂ እኔን አያበላም። ታዲያ አንድ ጎረቤቴ መርካቶ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ካለ የጨርቅ መጋዘን ወሰደኝ። የመጋዘኑ ጌታ ጋሽ ዘርጋ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ወታደር ነበሩ? በጣም ጥሩ! እነዚህን ተሸካሚዎች ሥርዓት ያስይዙልኝ" ብለው የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጡኝ።

የመጀመሪያ ቀን "ተሰለፍ!" ብዬ ጮህኩላችኋ። ደጉ የሚባል የተሸካሚዎቹ አለቃ አለ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ቦንዳውን እንደተሸከመ ዞር ብሎ "ሻለቃ፣ እዚህ ሰው የሚሰለፈው ለታክሲ ነው!" አለኝ። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ይፍረስ! እኔም ቆሜ አየኋቸው፣ አይሱዙው ጭነት ይዞ ሲደርስ ማን የቱን ጫፍ እንደሚይዝ ሳይነጋገሩ ያውቁታል፣ እና እኔ ከዓመታት ሥልጠና በኋላ እንኳ እንዲህ ያለ ጓድ አላየሁም። ወደድኳቸው። እውነቴን ነው፣ ወደድኳቸው።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ጣቃ ጨርቅ ጠፋ። ጋሽ ዘርጋ እየተንጨረጨሩ መጡ። "ሻለቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማታ ሲወጡ ሁሉም ይፈተሹ! ተሸካሚው፣ ጠራጊዋ፣ ሁሉም!"

"እሺ። እኔስ?" አልኳቸው።

"እርስዎማ የኛ ሰው ነዎት!"

"እነሱስ የማን ሰው ናቸው?"

"ሻለቃ፣ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው!"

"እንግዲያው እኔም ገና አልተቀበርኩም፣ ልፈተሽ። እርስዎም ይፈተሹ።"

ዓይናቸው ፈጠጠ። "እኔ? የራሴን ንብረት ልሰርቅ?"

"ስለ ስርቆት አይደለም የማወራው፣ ስለዚህ በር ነው። ፍተሻ ካለ በበሩ የሚወጣ ሁሉ ይፈተሻል። ያዘዘ ደግሞ ይቀድማል።"

"እንዲህ ከሆነ ሥራውን ይልቀቁ!" ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

አሁን እናንተ "ለምን እሺ ብሎ አርፎ አይቀመጥም?" ትሉ ይሆናል። ሥራውን ባጣ ሌላ የምገባበት አልነበረኝም፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ግን ዘይነባን አሰብኳት፣ ጠራጊዋን፣ የልጆች እናት ናት፣ ሁልጊዜ ስገባ "አባቴ፣ እንዴት አደሩ" የምትለኝ። በመንገደኛ ፊት እጇን አንስታ ስትዳሰስ ቆሜ ልመለከት ነው? እምቢ! እምቢ አልኳ!

ማታ ላይ ሁሉም ሊወጣ በሩ ጋ ተሰበሰበ፣ ጋሽ ዘርጋም ቆመዋል፣ ሚስታቸው እትዬ አስካለም ሒሳብ ከሚቀበሉበት ጠረጴዛ ተነስተው መጡ። እኔ ወደ ፊት ወጣሁና እጄን አነሳሁ። "ዘይነባ፣ ነይ ፈትሺኝ!"

"ውይ ሻለቃ! እኔ? በሞትኩት!"

"ትዕዛዝ ነው!"

እና መጣች፣ እጇን የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተች። አገኘች። ምን እንዳገኘች አሁን ተዉት። ቀና ብላ አየችኝ፣ መልሳ አስቀመጠችውና "ምንም የለም" አለች።

ታዲያ ወደ ጋሽ ዘርጋ ዞርኩ። "ቀጥሎ እርስዎ።"

"ሻለቃ፣ አብደዋል?"

"ገና ነኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ ይኸው። ወይ ተቀብለው ያሰናብቱኝ፣ ወይ እጅዎን ያንሱ።"

የመርካቶ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከቆመ ሦስተኛው "ምንድነው? ምን ተገኘ?" እያለ ይደርሳል፣ በሩ በሰው ተሞላ። እትዬ አስካለ ሰለቻቸው። "አንተ ደግሞ፣ ምን አለበት? ተፈተሽና ወደ ቤታችን እንሂድ፣ ሰው ሰበሰብክ እኮ!"

ጋሽ ዘርጋ ላብ አጠመቃቸው። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ። ደጉ በአክብሮት "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ የውስጥ ኪሳቸውን ዳሰሰና አወጣ። ሃላዋ! በወረቀት የተጠቀለለ ሃላዋ! ከሌላኛው ኪስ ደግሞ ቴምር!

እሳቸው እኮ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው።

"አንተ!" አሉ እትዬ አስካለ። "ጠዋት ጠዋት ያለ ስኳር ሻይ እያስጠጣሁህ! 'ዶክተሩ ራሱ ተደነቀ' ስትለኝ!" በሩ ላይ ያለው ሰው በሳቅ ወደቀ፣ ደጉ ሃላዋውን ይዞ የት እንደሚያደርገው ጠፋው፣ ጋሽ ዘርጋም "በቃ! ፍተሻው ቀርቷል! ሂዱ፣ ሁላችሁም ሂዱ!" አሉ። ከሳቸው በኋላ አንድም ሰው አልተፈተሸም፣ እስከ ዛሬም አልተፈተሸም።

ጣቃውስ? አልተገኘም። ሌባው ከመሃላችን ሊሆን ይችላል፣ ተሸካሚ ሁሉ ጻድቅ ነው ብዬ አልማልኩም። ጋሽ ዘርጋ ለብዙ ቀን ሰላም አላሉኝም፣ ቁልፉን ግን አልተቀበሉኝም። ይኸው አለሁ፣ ማን ይንቀለኝ!

"ሻለቃ፣ ከርስዎ ኪስ ግን ምን ተገኘ?"

አዬ አንቺ ልጅ፣ አልረሳሽም! ግማሽ ዳቦ። በፌስታል የተጠቀለለ፣ ደረቅ ግማሽ ዳቦ። እነሱ በምሳ ሰዓት "ሻለቃ፣ እንብላ" ሲሉኝ "እኔ ሆቴል ነው የምበላው" እል ነበራ፣ ደረቴን ነፍቼ! እና እሷን ዳቦ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄጄ፣ ሰው የማያውቀኝ ቦታ ቆሜ እበላታለሁ። ያን ቀን ጊዜ አላገኘሁም፣ ሳልበላት ዋልኩ። ኪሴ ውስጥ እንዳለች እያወቅኩ ነው እጄን ያነሳሁት። ጥይት ሲያፏጭ እንኳ ልቤ እንደዚያ አልመታም።

ዘይነባ ለማንም አልተናገረችም። ለደጉ ብቻ ሳትነግረው አልቀረችም፣ ምክንያቱም በማግስቱ በምሳ ሰዓት ስወጣ ደጉ በሩን በትከሻው ዘጋና "ሻለቃ፣ ትዕዛዝ ነው፣ ይቀመጡ!" አለኝ። ስንቱን ሳዝዝ የኖርኩ ሰውዬ፣ እሺ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ምን ላድርግ? ሃሃሃ! አሁንም እኮ ዳቦዬን ይዤ ነው የምመጣው፣ ግን በእጄ ይዤ ነው የምገባው፣ ሙሉ ዳቦ፣ እና ቆርሼ መጀመሪያ ለነሱ እሰጣለሁ።