ሳይሠራ ያረጀ ቆጣሪ

ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለች ሴት በንዴት ያወራሉ።

«ትናንት የመብራት ኃይል ሰዎች መጥተው ቆጣሪዬን ነቅለው ወሰዱት።»

«ምን ሆነ ብለው ነው አባቴ?»

«አርጅቷል አሉኝ። ውስጡ ክብ ብረት የሚዞርበት ነበር። እሱ ቀርቷል፣ የዛሬው በካርድ ነው አሉ።»

«ስንት ዘመን አገለገለዎት?»

«አንድ ቀን አልዞረም።»

«ተበላሽቶ?»

«መብራት መች ገባልንና ልጄ። ምሰሶው ቆመ፣ ቆጣሪው ተሰቀለ፣ ሽቦው ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። እኔ ሞኙ ግን የተሰቀለ ዕለት ቄስ ጠርቼ ጠበል አስረጭቻለሁ፤ በግ አርጄ ጎረቤት አብልቻለሁ።»

«አሁንስ?»

«አዲሱን ሰቀሉና፣ ካርድ እየሞሉ ይጠቀሙ አሉኝ።»

«መብራቱ የታለ አይሏቸውም?»

«አልኩ እንጂ። እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው፣ እኛ የቆጣሪ ነን አሉ።»

«እና ዝም አሉ?»

«እንግዲያው እኔንም ቀይሩኝ አልኳቸው። ከቆጣሪው ጋር አብረን ነው ጨለማ ውስጥ ያረጀነው።»

ጭኔ ላይ የያዝኩትን፣ ዛሬ ሰው ቤት የምሰቅለው አዲስ ቆጣሪ ያለበትን ካርቶን ሥዕሉ እንዳይታይ ገለበጥኩት።