ለሙሽሪት ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ

ሱሪዬ የተተረተረው ሰሌዳ ላጠፋ ስንጠራራ፣ በተማሪዎቼ ፊት ነው። ኮቴን ወገቤ ላይ አስሬ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሮጥኩ። ሰፈሩ እኚህን ሰው «ጋሽ ልክ» ይላቸዋል፤ አንዴ የለኩትን ደግመው አይለኩምና። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ናቸው። ሱሪዬን ተቀበሉኝ፣ ጉልበቴ ላይ ቁራጭ ገበር ጣል አደረጉልኝና ጥግ ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ቤቱ መጋረጃ የለውም። እንግዲህ የምነግራችሁን ሁሉ የሰማሁት ወሬ ወድጄ ሳይሆን ሱሪ አጥቼ ነው።

ክሩን ገና መርፌው ውስጥ ሳያስገቡ የእህታቸው ልጅ ገባች። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። እኔን ስታይ ፊቷን መለስ አድርጋ «ይቅርታ መምህር» አለችና ወደ አጎቷ ዞረች።

«አጎቴ፣ ጓደኛዬ ትናንት ከዚህ ወጥታ እኔ ቤት ስታለቅስ ነው ያመሸችው። ሰርጉን እተወዋለሁ እያለች ነው።»

«ምን አደረግኋት ልጄ? ለሁሉም የምጠይቀውን ጠየቅኋት፣ እውነቱን ነገረችኝ። ክሬሙን ቬሎ እሰፋላታለሁ። አልተቆጣኋት፣ አልሰደብኳት።»

ነገሩን ላስረዳ። ጋሽ ልክ ሙሽራ ሊለኩ ሜትር ሲያነሱ «ነጩ ይገባሻል?» ብለው ይጠይቃሉ። በድንግልና የቆየች «ይገባኛል» ትላለች፣ ነጭ ቬሎ ይሰፋላታል። ያልቆየች ክሬም ትለብሳለች። የቀለሙን ትርጉም ጉባኤው በሙሉ ያውቀዋል፤ ክሬም የለበሰች ሙሽራ ስትገባ አንገት ሁሉ ይዞራል። ሌላ ቤት ያሰፋች እንደሆነም «ለምን ሸሸች?» መባሏ አይቀርም።

«ንጽሕናን ማክበር ጥፋት ሆነ?» አሉ ጋሽ ልክ። «ሥጋችን የእግዚአብሔር ማደሪያ ነው ብለን አስተምረን፣ የጠበቀችውንና ያልጠበቀችውን በአንድ ዓይን ካየን ለታናናሾቻቸው ምን እንላቸዋለን?»

«ንጽሕናማ ይከበር አጎቴ። እስከ ጋብቻ መጠበቅ መልካም እንደሆነ እኔም አምናለሁ፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ግን ለሙሽራው ሱፍ ሲለኩ ምን ይጠይቁታል?»

«ምን እጠይቀዋለሁ? ወገቡን፣ ትከሻውን እለካለሁ።»

«እንግዲያው የወንዱን ወገቡን፣ የሴቷን ነፍሷን ነው የሚለኩት ማለት ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ልክ ከመነጽራቸው በላይ ሲያዩኝ ገበሩን ወደ ላይ ሳብ አደረግሁ።

«ወንድ ልጅ ምን ምልክት አለው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እግዚአብሔር በምልክት ነው እንዴ የሚያየው? በድንጋይ ሊወግሯት ጌታ ፊት ያቆሟትን ሴት ታሪክ በልጅነታችን የነገሩን እርስዎ ነዎት። ብቻዋን ነበር ያመጧት። ያኔ ‹ወንዱስ የት ሄደ?› ስልዎ ጥሩ ጥያቄ ነው ብለው ከረሜላ ሰጡኝ። መልሱን ግን እስከ ዛሬ አልሰጡኝም።»

ጋሽ ልክ ሱሪዬን አገላብጠው አዩት፤ የሚያዩት ግን ሱሪውን አልነበረም።

«ጥያቄዎ ደግሞ ውሸት እያስተማረ ነው» አለች ነርሷ ድምጿን ሳታነሳ። «ፈርተው ‹ይገባኛል› ያሉ ነጩን ለበሱ፤ ያልዋሸችው ክሬም ተቆረጠላት። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባል የለ? ይቺ ግን እውነት ተናግራ ደጅ ልታድር ነው። ሌላም ልንገርዎ። እርስዎ ከማያውቁት ሰፈር አንዲት ሙሽራ መጥታብን ነበር። ነጩ በእውነት የሚገባት ልጅ ናት፤ ግን በሽታ ይዟታል። ከማን? ማንም ምንም ካልጠየቀው ከባሏ። አስቀድመው ተነጋግረው አብረው ቢመረመሩ ኖሮ በጊዜ ይታከም ነበር።»

እኔ በበኩሌ አዛውንቱ ተቆጥተው የሚያስወጧት መስሎኝ ነበር። ይህን ጊዜ እግር ጥሎት ሙሽራው ራሱ ከች አለ። መካኒክ ነው፤ ጥቁር ሱፉን ሊለካ ከጋራዡ በቀጥታ ስለመጣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ጋሽ ልክ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳለ ትተው ትክ ብለው አዩት። ሰውዬው ግትር ናቸው እንጂ አድልዎ አይወዱም፤ እኔም የማከብራቸው በዚሁ ነው።

«ልጄ፣ አንተስ? ነጩ ይገባሃል?»

መካኒኩ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። የነርሷን ፊት ሲያይ ግን ገባው።

«አይገባኝም ጋሼ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመመለሴ በፊት ብዙ ቦታ ወድቄአለሁ። እሷ አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም አገባሻለሁ ያላትን ሰው አምና። የኔ ቁጥርም የለው። ይህንን ሁሉ ተነጋግረናል፤ ንስሐ ገብተናል፤ ተመርምረናል። ከተጫጨን ወዲህ ደግሞ ራሳችንን ጠብቀን ነው እዚህ የደረስነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ ጋሼ?»

ድፍረት አልነበረበትም፤ የሆነውን ነው የተናገረው። ጋሽ ልክ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የተቆረጠውን ክሬም ጨርቅ ከጠረጴዛው አንስተው ጭናቸው ላይ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ሁለት ቁና ይዤ ኖሬአለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ያላትን እኔ በጨርቅ ከሰስኳት።» ከዚያ ቀና ብለው «ልጆቹንስ ምን እንበላቸው?» ብለው ጠየቁ። የተማሪ ድምፅ ነበር።

«ቬሎ ሊለኩ ሲመጡ ሳይሆን አስቀድመን እናስተምራቸው» አለች ነርሷ። «ወንዱንም ሴቷንም፣ እኩል።»

ያሉትን አደረጉ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣት ወንዶች የሚያስተምሩት ጋሽ ልክ ናቸው፤ ሴቶቹን ነርሷ ታስተምራለች። ስለ ሥጋና ስለ ፈቃዱ ሲናገሩ መጀመሪያ ላይ ሳል ያበዙ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። የወንድ ንጽሕና ከሴት ንጽሕና እንደማያንስ፣ የሰው ገላ ተሞክሮ የሚጣል ዕቃ እንዳልሆነ፣ የወደቀም የሚነሣበት በር እንዳለው ይነግሯቸዋል። እጮኛሞች ሳይደባበቁ ይነጋገራሉ፣ ጤና ጣቢያም አብረው ይሄዳሉ። ለሰርግ ልብስ ብሎ የሚዋሽ የለም። ክሬሙ ጨርቅም እኔ ተራቁቼ በተቀመጥኩበት ጥግ መጋረጃ ሆኗል፤ ሙሽራም ሙሽሪትም ልብስ የሚለኩት ከዚያው ጀርባ ነው።

ያን ቀን ግን ጋሽ ልክ ነርሷን «ሂጂ ጥሪያት» አሏት። ሙሽሪት ሩቅ አልነበረችም፤ ጤና ጣቢያው ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ገብታ እጮኛዋን ስታይ ደነገጠች። አዛውንቱ አዲስ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ልጅቷ የትናንቱ ጥያቄ እንደገና ሊመጣባት መስሏት አንገቷን ደፋች።

«ልጄ» አሏት፣ «ወገቡ ጠበቅ ይበል ወይስ ላላ?»

ከመልሷ እንባዋ ቀደመ። ጋሽ ልክም እስክትረጋጋ ጠብቀው፣ አንዴ የለኩትን ከትከሻዋ ጀምረው ደግመው ለኩ።