ማክሰኞ አንደኛ ክፍለ ጊዜ፣ ለጋሼ ይርዳው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ እትዬ አሰፋሽ፣ ጋሼ ይርዳው፤ እንደምን ዋላችሁ። ለማታውቁኝ፣ አዳሙ እባላለሁ፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። የጡረታ ሽኝት ኮሚቴው አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። ጋሼ ይርዳው ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ስላስቀመጡ፣ አሥር ደቂቃ ማለት አሥር ደቂቃ ነው።

ጋሼ ይርዳው ወረታ የገቡት በ1986 መስከረም ነው። የክረምቱ ውሃ ገና ከሜዳው አልሸሸም ነበር። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ግቢ ሲደርሱ፣ ዘበኛው ጋሽ ተክለ ሃይማኖት "ከብት ጠፍቶህ ነው?" አሏቸው።

"የባዮሎጂ መምህር ነኝ።"

"ይሁና፣ ግባ።"

ርዕሰ መምህሩን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ቤት አልነበረም። "ላብራቶሪው የት ነው?" አሉ። ክፍሉ ተከፈተ። ከወለሉ እስከ መስኮቱ የትምህርት ቤቱ እርሻ ሽንኩርት ሞልቶበታል። ርዕሰ መምህሩ አፈሩ። ጋሼ ይርዳው ግን አንዱን አንስተው አገላበጡና "ጥሩ ነው፤ ማይክሮስኮፑ እስኪመጣ ሽንኩርቱን እንልጣለን" አሉ። ይኸው ሃያ አራት ዓመት ላጡ። ማይክሮስኮፑ መንገድ ላይ ነው።

ልማዳቸውን ታውቁታላችሁ። ገበያ ላይ ቲማቲም ሲመርጡ ያየ ሰው ለቤታቸው ይመስለዋል። ለዘጠነኛ "ለ" ነው። ጉበት የገዙ ቀን ተማሪዎቹ የኢንዛይም ሙከራ አዩ፣ ቤቱ ሽሮ በላ። ባለቤታቸው እትዬ አሰፋሽ እዚህ አሉ፤ ይመስክሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው ናፍቆት ከአዲስ አበባ ደወለች። "አባዬ፣ 'የመምህር ጓዳ' የሚባል ድረ ገጽ ተከፍቷል። መምህራን ያዘጋጁትን የማስተማሪያ ወረቀት ይሸጡበታል" አለቻቸው። "ሱቅ አደረግሽኝ?" ብለው ዘጉባት። በማግስቱ እናኑ የምትሠራበት ኢንተርኔት ቤት ተገኙ። የመጀመሪያውን ፋይል ለመጫን ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዘጠና ስምንት ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። በዘጠነኛው ቀን "ገባ!" ብለው ሲጮኹ፣ ከጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ሰው ምን ገባ ብሎ ሮጦ መጣ።

ለአራት ወር ማንም አልገዛም። የወረቀቱ ርዕስ "ስለ ሽንኩርት" ነበር። መግለጫው "ለተከበራችሁ ገዢዎች፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል" ብሎ ይጀምርና ሽንኩርቱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ሁለተኛው ወረቀት ደግሞ ተማሪዎችን "ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳችሁ ሙቀቱን ለኩ" ያዛል። አንድ የጅጅጋ መምህር "ወንዛዬ የት ነው?" ብሎ ጻፈ። ጋሼ ይርዳው መለሱለት፤ "አንበሳሜ ስትደርስ ጠይቅ፣ ያሳዩሃል።"

ናፍቆት ተቆጣች። እሳቸውም ከሳምንት በኋላ መምህራን ክፍል ውስጥ "አዳሙ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ገባኝ" አሉኝ። "ነገ ጠዋት አንደኛ ክፍለ ጊዜ አለው፤ እጁ ላይ ግን ምንም የለውም። የምጽፈው ለሱ ነው።" ርዕሱ ተቀየረ፤ "ዘጠነኛ ክፍል፣ ሕዋስ፣ ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ" ሆነ። በዚያው ሳምንት መሸጥ ጀመረ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ጋሼ ይርዳው የግምገማ ቃለ ጉባኤ ያዥ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ወረቀት መጣል ስለማይሆንላቸው፣ የማስተማሪያውን ሁሉ የሚጽፉት በአሮጌ ቃለ ጉባኤ ጀርባ ላይ ነው። እናኑ ስካን ስታደርግ "ሁለቱንም ገጽ ነው?" ብላ ጠይቃቸዋለች። "አዎ፣ ምንም እንዳይቀር" ብለዋል።

ስለዚህ ሕዋስን የገዛ ሰው ሁሉ፣ ገጹን ሲገለብጥ እንዲህ የሚል አገኘ፤ "መምህር አዳሙ ማክሰኞ ማክሰኞ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ያረፍዳሉ። ሂሱን ሙሉ በሙሉ ውጠዋል።"

ከሁሉም በላይ የተሸጠው ያ ወረቀት ነው። አስተያየት ይጎርፍ ጀመር። ከአርባ ምንጭ፦ "ወረቀቱ ግሩም ነው። መምህር አዳሙ ተሻሻሉ?" ከአሶሳ፦ "እኛም ጋ አንድ አለ።" ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄጄ ስሜን ስናገር፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሰዓቱን አየ።

በእውነት ተናደድኩ። ሦስት ቀን ጋሼን ሰላም አላልኳቸውም። በአራተኛው ቀን አስጠፋዋለሁ ብዬ እናኑ ቤት ገባሁ። ከአስተያየቶቹ በታች እሳቸው የጻፉትን አገኘሁ። ገልብጬዋለሁ፤ ላንብብላችሁ።

"ስህተቱ የኔ ነው፤ ጀርባውን አንስቼዋለሁ። መምህር አዳሙ ግን የሚያሻሽለው ነገር የለም። ያን ዓመት እናቱ እግራቸውን ታመው ወንዛዬ ፍል ውሃ ተቀምጠው ነበር። ሰኞ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ይዞ ይሄዳል፣ ማክሰኞ በመጀመሪያው መኪና ይመለሳል። ይህን እያወቅሁ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩ እኔ ነኝ። ሂሱን እኔ ውጫለሁ።"

እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ግምገማ ላይ ምክንያት ያቀረበ ሰው ሂስ አልዋጠም ይባልና ስብሰባው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ያን ቀን ደግሞ ሁላችንም ርቦን ነበር።

"ማን ነገረዎት?" ብዬ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

"የወንዛዬውን መኪና ሹፌር ጠየቅሁት። ክፍሉ ባዶ ሲሆንብኝ ጊዜ እየገባሁ አስተምር ነበር።"

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ፣ ማክሰኞ እያለከለክሁ ስደርስ ዘጠነኛ "ለ" ጸጥ ብሎ የሽንኩርት ሕዋስ ሲሥል አገኘው ነበር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ጋሼ፣ ይህን እስከ ዛሬ ፊት ለፊት ብዬዎት አላውቅም፤ ከልቤ አመሰግናለሁ። ባይሸፍኑልኝ ኖሮ ወይ ሥራዬን ወይ እናቴን ችላ እል ነበር። እናቴ ጸሐይነሽ ዛሬ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ስወጣ "ያን መምህር ጉልበት አይንሳው በልልኝ" ብላኛለች።

ስጦታችን ጋቢ ነው። ማይክሮስኮፕ አስበን ነበር፤ የተላከው ሊደርስ ነው ስለተባለ ተውነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ለመስከረም የባዮሎጂ መምህር አልተመደበልንም። ማክሰኞ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ዘጠነኛ "ለ" ባዶ ነው ሲባል፣ እኔ እይዘዋለሁ አልኩ። የሒሳብ መምህር እንደመሆኔ እጄ ላይ ምንም አልነበረኝም። ስለዚህ ትናንት እናኑ ቤት ሄጄ እንደማንኛውም ሰው ከፍዬ ወረቀቱን ገዛሁ። ጀርባውንም አየሁት፤ ባዶ ነው።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሳ። ጋሼ ይርዳው፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ መብራት የማይሄድበት ቤት፣ ጉበቱ ለምሳ የሚደርስበት ቤት ያድርግልዎ። ስለ ክፍሉ አያስቡ። ማክሰኞ ሽንኩርት ይዤ በሰዓቱ እገኛለሁ።