የክርስትና ስሙን የነገራቸው ደዋይ

የእጅ ጽሑፌም ፊደሌም መጥፎ ስለሆነ ይቅርታ፤ ስምንተኛን የጨረስኩት እንደ ምንም ነው። ከሞጣ ቢቸና ሄጄ ከመሪጌታው አያቴ ጋር ተቀምጠን ሳለ ስልካቸው ጠራ። የደወለው ሰውዬ «አባቴ ይባርኩኝ» ብሎ ትንሽ ካወራቸው በኋላ በመልእክት የገባውን ቁጥር እንዲያነቡለት ጠየቃቸው። መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ ሰው ፊት የማልናገረው እኔ ስልኩን ነጥቄ ዘጋሁት።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? እንድጸልይለት የክርስትና ስሙን ነግሮኝ! ሌባ የክርስትና ስሙን ይሰጣል?»

«አባባ፣ ያ ቁጥር ማረጋገጫ ኮድ ይባላል፤ የቴሌግራምዎ ቁልፍ ነው። እንደ ንስሐ ለሌላ አይነገርም። ቢያነቡለት ሟቹ አጎቴ የላከልዎትን ድምፅ ሁሉ ይወስደው ነበር።»

ደንግጠው አማተቡ፤ ከዚያ ሳቁ። «ለማንኛውም እጸልይለታለሁ፤ ልብ ይስጠው» አሉ። ያን ጊዜ ተነፈስኩ። ከየት እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ «ትምህርት ቤት» አልኩ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ የራሴን ኮድ ለእንዲህ ያለ ደዋይ አንብቤለት ነበር።