ድራይቩ የማያውቀው ሞተር

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡት የብስኩት ፋብሪካ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ጎልማሳ አለቃና አንዲት ወጣት ቴክኒሻን።

«ማሸጊያ ማሽኑ የቆመው ባንቺ ጥፋት ነው። ማስጠንቀቂያሽን ጽፌ ይዤዋለሁ» አላት።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኛ! አንቺ ለቅሶ ሄደሽ ነበር።»

«ሞተሩን የሚያዘው መሣሪያ፣ ድራይቩ ላይስ የአዲሱን ሞተር የጉልበትና የፍጥነት ቁጥሮች አስገቡ?»

«አዲስ ሞተር ደግሞ ምን ቁጥር ያስፈልገዋል?»

«ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አየሁት። ድራይቩ አሁንም የሚያዘው አሮጌውን ሞተር ነው። ሚስቱ ሞታበት ሌላ ያገባ ሰው አዲሷን እንደ ሟቿ ቢያዛት ትሰማዋለች?»

«ታኮርፋለች እንጂ።»

«ሞተሩም አኮረፈ።»

«እኔ እኮ ቄስ ጠርቼ ጠበል አስረጭቼዋለሁ!»

«እሱንስ ደግ አደረጉ። ቁጥሩን ግን ቄሱ አይሞሉልዎትም።»

አለቃው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።

«ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?»

«የእኔን ስም ሰርዘው የርስዎን ይጻፉበት።»

«በገዛ እጄ?»

«እስክሪብቶ አለኝ፣ ጋሼ።»

መውረጃዬን ካለፍን ቆይተናል፤ ሰውየው እስክሪብቶውን እስኪቀበላት ድረስ ግን «ወራጅ አለ» አላልሁም።